ዋልያስ፤ የራሱን መሣሪያ የያዘ ባንድ

በባሕር ማዶ ሜታል የሚባለውን የኃይለኛ ጊታርና የከባድ ድራም ሙዚቃ የሚጫወቱ አንጋፋ ባንዶች ሁሉ አንድ የማይለቃቸው ክስ አለባቸው፤ ይኸውም ጥቂት ወዳጆች ብቻ ከሚሰበሰቡበት ጠባብ ምድር ቤት ተነሥተው ሰፊው ሕዝብ ከሚሰማበት አደባባይ በደረሱ ጊዜ፣ እነዚያው የመጀመሪያ ወዳጆቻቸው «ለገበያ አደሩ» ብለው ይፈርዱባቸዋል። ሜታሊካ እንኳ በ1991 (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በጥቁር ሽፋን ያወጣው አልበም በዓለም ሁሉ ሲሰማ ከዚህ ፍርድ አላመለጠም። አገራችን የዚያን ዐይነት ሙዚቃ ብዙ አላፈራችም፤ ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» በተባለው አልበሙ የሮክን ጊታር ከአገር ቅኝት ጋር ማዋደዱ የሚመሰገን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሥርን ሳይለቁ ወደ ብዙኃን የመውጣትን ፈተና ከሁሉ አስቀድሞ፣ ያውም በከባድ ዘመን የተሸከመው፣ በእኔ አስተያየት ከሚገባው ክብር ሲሶውን እንኳ ያላገኘው፣ ዋልያስ ባንድ ነው።

ስለ ባንዱ መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን ጊታር፣ መላከ ገብሬ ቤዝ ጊታር፣ ተማረ ሀረጉ ድራም ይጫወቱ ነበር፤ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሠሩ፤ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ በካይፋ አሳታሚነት አወጡ፤ በ1981 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ቢያውቀውም እንደ ተራ ነገር የሚያልፈው፣ እኔ ግን የባንዱ ታሪክ በሙሉ የቆመበት ነው የምለው ጉዳይ የመሣሪያው ባለቤትነት ነው። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በነሐስ መሣሪያ ከተሰለፉበት ጊዜ ጀምሮ፣ በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ የመንግሥት ሙያ ሆኖ ኖረ፤ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበረው፣ ጦር ሠራዊቱም ነበረው፣ ፖሊስ ሠራዊትም እንዲሁ፤ ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር፣ ሳክስፎኑና መለከቱም የክፍሉ ንብረት ነበሩ። ሸክላ ማሳተም እንኳ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ስለ ነበር፣ ዐምኃ እሸቴ በ1969 ያንን ክልከላ ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ እስኪያሳትም ድረስ ሌላ ደፋር አልተነሣም። ከዚያ በኋላ የሌሊት ክበቦች ሲበዙ ሙዚቀኛው ከጦር ሰፈር ወጥቶ ወደ ክበብ ገባ፤ ዳሩ ግን በክበቡ ውስጥ ያለውን ኦርጋን፣ ድራምና የድምፅ ማጉያ የገዛው የክበቡ ባለቤት ነበረና፣ ሙዚቀኛው የለወጠው ጌታውን ነው እንጂ ሎሌነቱ አልቀረለትም። በሰው በሬ የሚያርስ ገበሬ የሚዘራበትን ቀን ባለበሬው እንደሚወስንለት ሁሉ፣ በሰው ኦርጋን የሚጫወት ሙዚቀኛም የሚጫወተውን ዜማ፣ የሚጫወትበትን ሰዓትና የድካሙን ዋጋ የሚወስንለት ሌላ ነበር፤ ቢጣላ እጁን አራግፎ ከመውጣት በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ዋልያሶች ቬነስ ከሚባለው ክበብ ወጥተው ራሳቸውን ሲችሉ ይህን ቀንበር የሰበሩት የራሳቸውን መሣሪያ በመያዝ ነው። ይህ በዛሬው ዘመን፣ አንድ ወጣት በአንድ ኪቦርድ ሙሉ ባንድ በሚሆንበት ጊዜ፣ ትልቅ ነገር መስሎ አይታይ ይሆናል፤ በዚያን ዘመን ግን ኦርጋን ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር፣ ማጉያውም እንዲሁ፣ ሙዚቀኛውም ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ነበር። መሣሪያው የራሳቸው በመሆኑ ግን ሂልተንን የሚያህል ሆቴል ሲጠራቸው እንደ ሎሌ ሳይሆን እንደ ተዋዋይ ወገን ቀርበው ዋጋቸውን ተነጋገሩ፤ ውሉ ባይስማማቸውም ዕቃቸውን ጭነው መሄድ ይችሉ ነበር። ከዚህ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ የዚህ ነጻነት ፍሬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እንግዲህ ብዙ አዋቂ ነን ባዮች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። «የሆቴል ባንድ ነበር» ይላሉ፤ ይህን ሲሉም ለውጭ አገር እንግዳ እራት ማጣፈጫ የሚሆን የለዘበ ሙዚቃ ይጫወት ነበር፣ የአገር ሰው ልብ ግን በሌላ ቦታ ነበር ለማለት ነው። ዋልያሶች በእራት ሰዓት ለዲፕሎማቱና ለመንገደኛው የሚስማማውን የውጭ ዜማ መጫወታቸው እውነት ነው፤ ሥራቸውም ስለ ነበር በሚገባ ይሠሩት ነበር። ነገር ግን ሌሊቱ በገፋ ቁጥር የአገሩ ዜማ ይነግሥ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሰዓት እላፊ ታውጆ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በመንገድ የተገኘ ሰው ለነፍሱ የሚያሰጋው ዘመን መጣ፤ ስለዚህ ሊጨፍር የወጣ ሰው ወይ በጊዜ ይመለሳል፣ ወይም በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ድረስ በዚያው ያድራል። ባንዱም አብሮ ያድራል። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ከእኔ በተሻለ ይረዳዋል፤ በዝግታ የተጀመረው ዜማ በመረግድ ሰፍቶ በጽፋት እስኪፈጥን ድረስ ሌሊቱ ራሱ ሥርዐትን ያስተምራል፤ አንድ ሐረግ ደጋግሞ መዞር፣ አለመቸኮል፣ አለመሰልቸትም የሚለመዱት እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። በ«ቼ በለው» ውስጥ የምንሰማው ትዕግሥት እነዚያን ረጃጅም ሌሊቶች ባደሩ እጆች የተሠራ ትዕግሥት ነው።

የሆቴል ባንድ ብቻ አልነበሩም የምልበት ሌላም ምክንያት አለ። በዚያ ዘመን የዘፈን ግጥም በሳንሱር ዐይን ይመረመር ነበር፤ ቃል የሌለው ዜማ ግን ለመርማሪው የሚሰረዝ ስንኝ አያቀርብለትም። ዋልያሶች በ1975 «ትዝታ» የተባለውን ካሴት ሲሠሩ ሕዝቡ የሚያውቃቸውን ዜማዎች ያለ ድምፃዊ አቀረቡ፤ ሰሚው ግጥሙን በልቡ ይዞ ስለ መጣ፣ ኦርጋኑ ዜማውን ሲያነሣ ቃሉን የሚሞላው እርሱ ራሱ ነበር።

ከሥራቸው ሁሉ ስሙ የገነነው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፤ የማያቋርጥ የቤዝ ዙር ከሥር ይዞት ይሄዳል፣ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ዜማውን ተባብረው ይጥላሉ፣ ኦርጋኑም በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ይሞላል። ባለፈው ክረምት በነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ወደ ጊምቢ የሚሄደውን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ዘፈን በስልክ ላይ ከሚጭን አንድ ወጣት ሱቅ ይኸው ዜማ ሲወጣ ሰማሁና ደስ ብሎኝ ጠጋ አልኩ። የማን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ «የሙላቱ ነዋ፣ ኦቦ! ኢትዮ ጃዝ እኮ ነው» አለኝ፤ በስልኩም ላይ የተጻፈው እንዲሁ ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ የተሰጠውን ነው የጫነው። የምወቅሰው ስሙን መጀመሪያ በዘፈቀደ የጻፈውንና፣ ከእርሱ ተቀብሎ ሳይመረምር የሚያስተላልፈውን ሁሉ ነው። የ«ሙዚቃዊ ስልት» ደራሲ ግርማ በየነ ነው፤ የተጫወተው ዋልያስ ባንድ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ«ቼ በለው» ሸክላ ላይ በቫይብራፎን ተካፍሏል፣ ክብሩም በዚያው ልክ ታላቅ ነው፤ ለሙላቱ የሌላውን ሥራ መስጠት ግን ሙላቱን አያከብረውም፣ ግርማንም ያስረሳል። ለወጣቱ ይህንኑ ነገርኩት፤ እርሱም ስሙን ከፊቴ አስተካክሎ ጻፈው፣ እኔም በመንገድ የምሰማው እንዲሆን በስልኬ ላይ አስጫንኩት።

ወደ አሜሪካ የሄዱት በ1981 ነው፤ ከአገራቸው ወጥተው ለተበተኑ ወገኖቻቸው ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ተጫወቱ። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ በዚያው ቀሩ፣ ሌሎቹ ተመልሰው በአገር ቤት መጫወታቸውን ቀጠሉ። ኃይሉ በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ፣ በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ሠራ፤ አኮርዲዮንን ከመዘምራን እጅ ሲሰማ ላደገ የወለጋ ሰው ይህ ካሴት ባዕድ አይሆንበትም። ከዚያም ኃይሉ የታክሲ ሹፌር ሆነ፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ በመኪናው ዕቃ መጫኛ ያስቀመጠውን ኪቦርድ አውጥቶ በኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያ የመሣሪያ ነገር ይታየኛል፤ መድረኩ ቢቀርም ኪቦርዱ የራሱ ነበርና እጁ ሳይደነዝዝ ቆየ። ስለዚህም ያ የአኮርዲዮን ካሴት በ2013 በአሜሪካ እንደ ገና ታትሞ ዓለም ሲፈልገው፣ ሰውዬው ዝግጁ ሆኖ ተገኘ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉትን አዳዲስ አልበሞች አወጣ። «ሙዚቃዊ ስልት»ም በበኩሉ ዳክታሪስ የተባሉት የኒውዮርክ ሙዚቀኞች በ1998 ከተጫወቱት ወዲህ በብዙ አገር ባንዶች እጅ ዞሯል። ግርማም ከረጅም ዝምታ በኋላ በ2017 ከፓሪሱ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም አሳተመ።

ይህን ባንድ ገና ያልተዋወቀ አንባቢ በ2021 እንደ ገና በታተመው «ትዝታ» ቢጀምር እመክራለሁ፤ የሚያውቃቸውን ዜማዎች ያገኛልና መንገዱ አይጠፋውም። ከዚያ «ቼ በለው»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዘፈን ሳይዘል ይስማ። ሲሰማ ግን በስልኩ ትንሽ ማጉያ አይሁን፤ የመላከ ገብሬ ቤዝ በዚያ ውስጥ ጨርሶ አይሰማምና፣ ደኅና የጆሮ ማዳመጫ ቢያጣ ከጎረቤት ቴፕ ይዋስ።