ከማጀት የወጣው ባልትና መዝገብ ይፈልጋል

በደሴና በኮምቦልቻ የገጠር ቤት ዕቃም ሆነ የባልትና ውጤት ገዢ አላጣም፤ የአሠራሩ ዕውቀት ግን በጽሑፍ ሳይሰፍር ከባለሙያ እናቶች ጋር እያለፈ ነው።

የደሴን ክፍለ ከተሞች ስም ላስተዋለ የቤት ኑሮ ታሪክ ያነብባል። ሰኞ ገበያ የገበያውን ቀን፣ ቧንቧ ውሃ ደግሞ የውሃውን አመጣጥ ይናገራል። ቧንቧ በመጣበት ሰፈር እንስራ ከጀርባ ይወርዳል፤ እንስራ ሲወርድ ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ አንድ ገበያ አጣች ማለት ነው። ቦታውን ጄሪካን ተረክቦታል። ጋን በፕላስቲክ በርሜል፣ የእጅ ወፍጮ በሞተር ወፍጮ ተተክተዋል። ይህ ለሴቲቱ ጉልበት ትልቅ እፎይታ ስለሆነ የሚያሳዝን ነገር የለውም።

ይሁን እንጂ ሁሉም የማጀት ዕቃ ከገበያ አልወጣም። ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚባለው ዕቃ ሽቦው የሚዘረጋው በሸክላ ውስጥ በመሆኑ የሸክላ ሠሪዋን እጅ ዛሬም ይፈልጋል። ጀበናም እንደዚሁ በብረትና በፕላስቲክ አልተሸነፈም። ሞሶብ በበኩሉ ሥራውን ቀይሯል። ቀድሞ የየዕለት ገበታ የነበረው ዛሬ ለሠርግ፣ ለስጦታና ለሆቴል ማስጌጫ ይፈለጋል። ስንደዶና አክርማ በወቅቱ ለቅሞ፣ አለላውን አቅልሞ፣ ዙር በዙር ሰፍቶ ለመጨረስ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ሰፊዋ የምትጠይቀው ዋጋ ለገዢው ውድ፣ ለድካሟ ግን ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

የባልትናው ገበያ

የተሻለ የሚሸጠው ባልትናው ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ቆሎ በየሱቁ ታሽገው ይቀርባሉ፤ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መንገደኛም ሻንጣውን የሚሞላው በእነዚሁ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ንግድ የተመቸ አቀማመጥ አላቸው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚህች አጭር ርቀት የደጋው ገብስ ከቆላው ማሽላ ጋር ይገናኛል። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ የምትገኘው ባቲ ደግሞ በሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ታገናኛለች።

የዚህ ገበያ ችግር እምነት ነው። በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተደልዞ፣ ተሰጥቶ፣ ታምሶ እስኪፈጭ ድረስ ያለው ድካም በታሸገ ፌስታል ውስጥ አይታይም። ቅቤ ከባዕድ ነገር ጋር እየተቀላቀለ መሸጡ የአደባባይ ምሥጢር ነው። ስለዚህ ገዢው የሚተማመነው በሚያውቃት ባለሙያ ስም ላይ ነው። ባለሙያዋ ስታልፍ ስሙም ልኬታውም አብረው ይሄዳሉ፤ ልጅየዋ ከእናቷ አጠገብ ቆማ ካላየች በቀር የሚጠየቅ መጽሐፍ የለም።

«ወተት በጉንጬ»

የማጀት ዕውቀት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት የወሎን ማሽላ ማየት ይበቃል። የወሎ ገበሬዎች «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» እያሉ የሚጠሯቸው የማሽላ ዘሮች አሏቸው። ምርታቸው እንደ ሌላው የበዛ አይደለም፤ ጣዕማቸው ግን የተመሰከረለት በመሆኑ ከሌላው ማሽላ ጋር እየተዘሩ እሸታቸው ተጠብሶ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወሎ የተገኙ የማሽላ ዘሮች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከተለመደው ማሽላ እጅግ የበዛባቸው መሆኑን ይፋ አደረጉ። ሳይንሱ በቤተ ሙከራ የደረሰበትን ገበሬውና ባለቤቱ ቀድሞውንም በስሙ ላይ ጽፈውት ነበር።

የሚያሳዝነው ዘመኑ ነው። ግኝቱ በወጣበት ዓመት ወሎ በረሃብ እየተጠቃች ነበር፤ ረሃቡ በ1966 ዓ.ም. ለዓለም ተገለጠ። በረሃብ ጊዜ ለዘር የተቀመጠው እህል ይበላል፤ ዘሩ ሲጠፋ አበሳሰሉም አብሮ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል ዘሩን በማቀዝቀዣ ለማቆየት ሠርቷል። ማዕከሉን የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደም ገበሬው ነባሩን ዘር በራሱ ማሳ እያለማ እንዲያቆይ በመታገላቸው እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። ዘሩ ባንክ አገኘ፤ ባልትናው ግን እስከ ዛሬ ባንክ የለውም።

መዝገብ የሌለው ባለቤትነት

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ጉዳይም ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ዝግጅት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአውሮፓ የፓተንት ቢሮ የባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። የሔግ ፍርድ ቤት መብቱ በሆላንድ ዋጋ እንደሌለው የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። ከዘመናት በፊት ጤፍን አከማችታ፣ አስፈጭታና አቡክታ የኖረችው እናት በዚያ ክርክር ውስጥ ምስክር ሆና አልቆመችም።

ህንዶች ከዚህ ዓይነቱ ነገር ትምህርት ወስደዋል። በእርድ ላይ በአሜሪካ የተሰጠ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1997 ካሰረዙ በኋላ፣ በ2001 የባህላዊ ዕውቀታቸውን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ጀመሩ። አንድ ፓተንት መርማሪ «ይህ አዲስ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ተጽፎ ይጠብቀዋል። በኢትዮጵያም የማኅበረሰብ ዕውቀትን መብት የሚያስከብር አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጥቷል። አዋጁ የሚጠብቀው ዕውቀት ግን የት እንዳለ መታወቅ ይኖርበታል።

ደሴ ምን አላት?

ከተማዋ ባዶ እጇን አይደለችም። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉ መኳንንቱም ድሀውም ሳይጠየፍ አብሮ የሚበላበት ስለነበር ነው ይባላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ደሴ ነው። በሌላ በኩል ቅርስ በአንድ ቤት ብቻ ሲከማች ምን እንደሚደርስበት ከተማዋ በ2014 ዓ.ም. አይታለች፤ በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የተዘረፈ ዕቃ ፎቶና መግለጫ ካለው ይፈለጋል፤ ከሌለው ጠፍቶ ይቀራል።

በውጭው ዓለም ቤተ መጻሕፍት ምግብን እንደ አንድ የዕውቀት ዘርፍ ይዘውታል። የፊላደልፊያ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥ ቤት ያለው የምግብ ትምህርት ማዕከል ከፍቷል። የኛው ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስም ስለ ኢትዮጵያ ምግብ ያዘጋጁት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ታትሞ በውጭ ገበያ ተሸጧል። የሙያው ገዢ መኖሩን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

እንዲህ ያለው ዝግጅት በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ፣ ጥቂት ጠረጴዛ፣ ድምፅ መቅጃ ስልክና የሚጽፍ ተማሪ ይበቃል። ቀኑ የገጠር እናቶች ወደ ከተማ ከሚመጡበት የገበያ ቀን ጋር ቢገጥም ለመጓጓዣ ሁለተኛ ወጪ አይኖርባቸውም። ባለሙያዋ አሠራሯን ስታሳይ የውሎ አበሏ ሊከፈላት፣ ስሟና ቀበሌዋ በፈቃዷ ሊመዘገብ፣ ያመጣችውንም እዚያው ልትሸጥ ይገባል። የመዝገቡ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ በዩኒቨርሲቲው፣ ሌላው በአዲስ አበባ ወመዘክር ቢቀመጥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

ለነጋዴውም ጥቅም አለው። «የወሎ በሶ» ወይም «የወሎ በርበሬ» ብሎ ለማሸግ የሚያስብ ሁሉ የወሎው ከሌላው በምን እንደሚለይ የሚያስረዳ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ያ ጽሑፍ ዛሬ ያለው በእናቶች ቃል ነው፤ የሚጻፈውም እነርሱ በሕይወት ሳሉ ነው።