ማጭድ እግር ሲያገኝ

የአርሲን ሜዳ ኮምባይነር ያጭደዋል፤ ተዳፋቱ ግን ዛሬም የማጭድ ነው። ማጭድ ደግሞ እግርም ያገኛል።

መርገጫችንን የሚመግቡት ዋና ደም ቅዳ ቧንቧዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በእግር ጀርባ፣ ሌላው ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ያልፋል። ለቆዳ ቅርብ ስለሆኑ ትርታቸው በጣት ይዳሰሳል፤ ስለትም በቀላሉ ያገኛቸዋል። ደማቅ ደም በትርታ እየተፈናጠረ ከወጣ ደም ቅዳው ተቆርጧል።

ንጹሕ ጨርቅ አጥፋችሁ በኃይል ተጫኑ፤ ለ10 ደቂቃ እየገለጣችሁ አትዩ። እግሩን ከፍ አድርጉ። ቡና፣ አመድ፣ እበት አትነስንሱ። እግሩን ከቁስሉ በላይ አጥብቆ ማሰር የሚመጣው መጫን እምቢ ሲል ብቻ ነው፤ ያውም በሰፊ ጨርቅ፣ የታሰረበት ሰዓት ተጽፎ።

ሁለቱ ቧንቧዎች ከውስጥ ስለሚገናኙ፣ አንዱ ቢቆረጥና ሌላው ደህና ቢሆን ሐኪሙ የተቆረጠውን ቋጥሮ ሊተወው ይችላል። እግሩ ከገረጣ፣ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ግን ቧንቧውን መጠገን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ደም ያጣ ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ይሞታል። በደጋው ብርድ ሁለቱም እግር ስለሚቀዘቅዝ ከጤነኛው ጋር አነጻጽሩ። ለምሳሌ ከበቆጂ እስከ አሰላ ሪፈራል ሆስፒታል ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እያመነታችሁ ጊዜ አታጥፉ።

ደሙ ቢቆምም ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አፈር የነካው ቁስል የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገዋል።