«ሰኽር»፡ ከካሴት የተረፈ ዕውቀት

ልጆቻችን በኮምፒዩተር ሲጫወቱ እናያለን፤ ጨዋታውን ማን ሠራው ብለን ግን አንጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሙሐመድ አሽ-ሻሪኽ በኩዌት የመሠረቱት ኩባንያ «ሰኽር» የተባለ፣ በዐረብኛ የሚሠራ የቤት ኮምፒዩተር አቀረበ። የቁርኣን ፕሮግራም ተዘጋጅቶለታል፤ ቤይዚክ በተባለው ቋንቋም ልጆች የራሳቸውን ጨዋታ ሊጽፉበት ይችሉ ነበር።

ሆኖም በካሴት የተቀዳ ሥራ ካሴቱ ሲያረጅ አብሮ ይጠፋል። ዛሬ የድሮ ኮምፒዩተር ወዳጆች የተረሱትን ፕሮግራሞች ከየጓዳው እያሰሱ ይገለብጣሉ፤ በአዲስ ኮምፒዩተርም መልሰው ያሠሯቸዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ከጥፋት የተረፉት ጥቂት አይደሉም።

ዕውቀት አማና ነው። ወጣቶች ሆይ! ሌሎች በሠሩት መጫወት ብቻ ይበቃናልን? እኛም በቋንቋችን እንሥራ፤ የሠራነውንም ለተከታዩ ትውልድ እናስቀምጥ፤ ኢንሻ አላህ።