ያውቁ ኖሯል? ሆሳዕና ላይ 3 ሰዓት፣ ሰማዩ ላይ 6

ሆሳዕና ከተማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ በላይዋ የሚያልፍ የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የሚናገረው ሰዓት 06፡00 መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

አቪዬሽን በመላው ዓለም የሚሠራው በአንድ ሰዓት፣ ከግሪኒች በሚቆጠረው ነው። ከንጋት የሚጀምረው የኢትዮጵያ ሰዓት ከእሱ በ3 ያንሳል፤ ልዩነቱ በጋም ክረምትም አይለወጥም። ስለዚህ የዱራሜ ገበያተኛ ሰዓቱን አይቶ “2 ከሩብ” ሲል፣ በአብራሪው መዝገብ 05፡15 ተብሎ ይሰፍራል። በሬዲዮ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ደቂቃው ብቻ ነው።

አብራሪው ቁጥጥር ወዳለበት የአየር ክልል ከመግባቱ በፊት መለያውን፣ ያለበትን ቦታ፣ ከፍታውንና መድረሻውን ይናገራል። የተሰጠውን ፈቃድም መልሶ ያነባል፤ የተሳሳተ ቁጥር የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን መለያው የሚጀምረው “ኤኮ ታንጎ” ተብለው በሚነበቡ ሁለት የላቲን ፊደላት ነው።

የሬዲዮው ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከከምባታው ሀምበሪቾ ጀርባ ዝቅ ብሎ የሚበር አብራሪ፣ ከተራራው ማዶ ያለ ጣቢያ ላይሰማው ይችላል፤ ከፍ ሲል ግን ድምፁ ይመለሳል።