የይፋት የድንጋይ ከተሞች፦ የፈረሰ ግድግዳ እንዴት ይነበባል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ጣርማ በርን እንዳለፋችሁ ጆሯችሁ መደፈን ይጀምራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነስታችሁ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ 1,300 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ጃኬት ይወልቃል፣ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። አብዛኛው መንገደኛ ከሸዋ ሮቢት የሚያስታውሰው ሙቀቱን ነው።

ከአስፋልቱ ራቅ ብለው ባሉት የይፋት ኮረብታዎች ላይ ግን፣ በእሾሃማ ቁጥቋጦ መሐል፣ 600 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ ከተሞች ፈርሰው ይገኛሉ። አስባሪ፣ መሳል፣ ራሳ ጉባ፣ ኖራ፣ ቤሪ ይፋት ይባላሉ። መስጊድ አላቸው፣ መኖሪያ ቤት አላቸው፣ መቃብር አላቸው። ታዲያ የድንጋይ ክምር አይቶ «ይሄ መስጊድ ነበር፣ ያ ቤት ነበር» ማለት እንዴት ይቻላል?

መጀመሪያ ወረቀቱን እንይ። አል ዑመሪ የሚባል ጸሐፊ ነበር፤ በደማስቆና በካይሮ በማምሉኮች ቤተ መንግሥት ያገለገለ፣ እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተ ሰው። ይፋትን በዓይኑ አላያትም። ካይሮ ውስጥ ያገኛቸውን የአካባቢያችንን ሰዎች፣ በተለይ አብደላህ አል ዘይለዒ የሚባሉ ሼህን፣ ጠይቆ ጻፈ። እንደሱ አባባል ይፋት ከሰባቱ የሙስሊም መንግሥታት አንዷ ስትሆን፣ ርዝመቷ የ20 ቀን፣ ስፋቷ የ15 ቀን መንገድ ነው። ሸንኮራ አገዳ፣ ሙዝና ሎሚ ይበቅልባታል። ገበያዋ የሚገበያየው በግብፅ ዲናርና ድርሃም ነው፤ ማለትም ነጋዴው በዘይላ ወደብ በኩል ከውጭው ዓለም ጋር ይገናኝ ነበር። ጫትም በዚያ ዘመን የታወቀ ነበር። የአፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ መናገሻ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደዛተ ይተርካል። በ1332ቱ ጦርነት ግን የተሸነፈው ሰብረዲን ነው።

ይፋትን ከ1285 ገደማ ጀምሮ የገዛው የወላስማ ቤተሰብ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ተገደለ። ልጆቹ ወደ የመን ተሻገሩ፤ በኋላም ተመልሰው ከይፋት በስተምሥራቅ በአዳል ነገሡ። የይፋት ከተሞች ስም ወረቀት ላይ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፎቬልና ሂርሽ የተባሉ ፈረንሳውያን የታሪክ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር የአስባሪን፣ የመሳልንና የራሳ ጉባን ቅኝት አሳተሙ። በኖራ ቁፋሮ የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ዜናው «ከተሞች ተገኙ» ይል ነበር። እኔን ይህች «ተገኙ» የምትባል ቃል ሁልጊዜ ትከነክነኛለች። በግድግዳዎቹ መሐል ፍየል የሚጠብቀው ልጅ መቼ ጠፍተውበት ያውቃሉ? አዲሱ ነገር የልጁን ድንጋይና የአል ዑመሪን ወረቀት ማገናኘቱ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው። አራት ማዕዘን ፍርስራሽ አገኛችሁ እንበል። ቤት ነው? ቤተ ክርስቲያን ነው? መስጊድ ነው? ስልካችሁ ላይ ያለውን ኮምፓስ ክፈቱ። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ነው። መስጊድ ከሆነ ሰጋጁ ወደ መካ መዞር ስላለበት አቅጣጫውን የሚያሳይ ሚህራብ፣ ማለትም ግድግዳው ውስጥ ወደ ውጭ የገባ ጉድጓዳ ቦታ፣ ይኖረዋል። መካ ከሸዋ ሮቢት በየት በኩል ናት? የሸዋ ሮቢት ኬንትሮስ 39.9 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ፣ የመካ ደግሞ 39.8 ነው። አያችሁ? በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። በኬክሮስ ልዩነታቸው 11.4 ዲግሪ ነው፤ አንዱን ዲግሪ በ111 ኪሎ ሜትር ብታባዙት ወደ 1,270 ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ በቀጥታ ወደ ሰሜን። ስሌቱን በደንብ ሠርቼ ያገኘሁት ስህተት ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው። ስለዚህ በይፋት ሚህራብ የሚፈለገው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ነው። ከዘይላ ቢሆን ግን መካ ከሰሜን ወደ ምዕራብ 19 ዲግሪ ያህል ታጋድላለች። የዘይላን መስጊድ አቅጣጫ እንዳለ ገልብጦ ይፋት ላይ የሚሠራ ግንበኛ ሰጋጁን በ19 ዲግሪ ያስተው ነበር። (የስልካችሁ ኮምፓስ የሚያሳየው የማግኔቱን ሰሜን ከሆነ ጥቂት ዲግሪ ይዛነፋል፤ ያንን አስተካክሉ።)

ቀጥሎ የግንቡን አሠራር ተመልከቱ። የኖራ መስጊድ ግድግዳ ዛሬም ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ይገኛል። ምህንድስና የተማርኩ ስለሆንኩ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ለምን ፈረሰ?» ሳይሆን «ለምን አልፈረሰም?» ነው። ያለ ሲሚንቶ የሚሠራ ወፍራም ግንብ ብዙ ጊዜ ሁለት ፊት አለው፤ በሁለቱ መሐል ስብርባሪ ድንጋይና ጭቃ ይሞላል። ጥሩ ግንበኛ ድንጋዩን ጠፍጣፋ አድርጎ ይመርጣል፣ የላይኛው ድንጋይ የታችኛውን መጋጠሚያ እንዲሸፍን ያደርጋል፣ አልፎ አልፎም ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ያስገባል። እንዲህ ያለ ግንብ ክብደትን አይፈራም። ጠላቱ ከላይ የሚገባ ውኃ ነው። ጣሪያው ሲወድቅ ዝናብ መሐሉ ይገባል፣ ጭቃው ይታጠባል፣ ፊቱ እንደ ሆድ ይነፋና ይደረመሳል። የዛፍ ሥር ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል። ከላይኛው ረድፍ ላይ አንድ ድንጋይ ለአጥር ብሎ ያነሳ ሰው በር ከፈተለት ማለት ነው።

በቤሪ ይፋት ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ይናገራል። እዚያ የወላስማ ቤተሰብ መቃብር በዓረብኛ ጽሑፍ ተለይቶ ታውቋል። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ዓመት በሂጅራ ነው፤ የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር 354 ቀን ገደማ ነው። ለምሳሌ 775 የሚል ብታገኙ በ0.97 አባዙትና 622 ደምሩ፦ 1373 ወይም 1374 ይመጣል። ይቺ ስሌት ብቻዋን አንድ ትልቅ ስህተት ታርማለች። በብዙ የአገራችን ክፍል ያረጀ ፍርስራሽ ሲታይ «ግራኝ ያፈረሰው» ወይም «ግራኝ የሠራው» ማለት የተለመደ ነው። ኢማም አህመድ ግን የ16ኛው መቶ ዘመን ሰው ናቸው። ድንጋዩ ላይ ያለው ዓመት ከሳቸው 150 ዓመት ይቀድማል።

በእንግሊዝ ዋራም ፐርሲ የምትባል ባዶ የቀረች የገጠር መንደር አለች። አርኪዮሎጂስቶች ከ1950 እስከ 1990 በየበጋው እየተመላለሱ 40 ዓመት ቆፈሯት። አስቡት፣ ለአንዲት መንደር! የይፋት ከተሞች ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ገና አልተነኩም። ወርቅ ፍለጋ የሚቆፍር ሰው ግን አርኪዮሎጂስት እስኪመጣ አይጠብቅም። ከአፈር የወጣች የሸክላ ስባሪ የት ጥልቀት ላይ፣ ከምን ጋር እንደነበረች ካልታወቀ ስባሪ ብቻ ናት። ከአመድ ንብርብር ጋር ስትገኝ ግን በአመዱ ውስጥ ያለው ከሰል በካርቦን 14 ሊለካ ይችላል፤ ያኔ እሷም ዕድሜ ይኖራታል።

በዚያ በኩል ካለፋችሁና ፍርስራሽ ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ የስልካችሁን ጂፒኤስ ቁጥር ጻፉ፣ ድንጋዩን እዚያው ተዉት። የአካባቢውን ሽማግሌዎችም ቦታው ምን እንደሚባል ጠይቁ፤ ስሙን እነሱ እንደሚጠሩት አድርጋችሁ ጻፉት።