ያማረ ካርታ፣ ያልታየ አገር

ከሐሙሲት ወደ ወረታ የሚጓዝ ሰው ጉማራን ተሻግሮ የፎገራን ሜዳ ያገኛል። ጉማራም ርብም ወደ ጣና ይገባሉ፤ ዓባይም ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ይዞራል። ይህን እዚህ ያደገ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ስመ ጥሮቹ የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ለረጅም ዘመን እንዴት ሳቱት?

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካርታ ዋና ገበያ የሆላንዷ አምስተርዳም ነበረች። ካርታው በመዳብ ሰሌዳ ላይ በግልባጩ ይቀረጻል። በተቀረጸው ጭረት ውስጥ ቀለም ይሞላና የላዩ ይጠረጋል፤ ከዚያም እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በማተሚያ ይጨመቃል። በመጨረሻም ባለሙያዎች ድንበሩንና ሥዕሉን በብሩሽ በእጃቸው ይቀባሉ። የተቀባው ካልተቀባው ይልቅ ውድ ነበር።

ዮአን ብላው የተባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1662 ባወጣው ታላቅ አትላስ ውስጥ የሐበሻ ካርታ አለ፤ ዝሆን ሳይቀር ተስሎበታል። ነገር ግን አገራችንን ከምድር ወገብ አሳልፎ ወደ ደቡብ ይለጥጣታል፤ ዓባይንም ከዚያ ሐይቆች ያስነሳዋል። ነጭ ዓባይስ በእርግጥ ከምድር ወገብ አካባቢ ሐይቆች ይመጣል። የእኛው ግን ከሰከላ፣ ከግሽ ተነስቶ ወደ ጣና ይገባል። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ምንጩን በ1618 በዓይኑ አይቶ ጽፎ ነበር።

ስህተቱ ለምን ዘለቀ? አንደኛ፣ ሁሉም የጥንቱን የበጥሊሞስን ወሬ ይቀባበሉ ነበር። በ1154 የዓለምን ካርታ የሠራው ሊቃችን አል-ኢድሪሲም ከዚያው ወስዷል፤ የእኛ ሰው ነው ብለን አንሸፍነውም። ሁለተኛ፣ መዳብ መቅረጽ ብዙ ወጪና ድካም አለው። ለማረም ሰሌዳውን ከጀርባው ቀጥቅጦ እንደገና መቅረጽ ያሻል። ስለዚህ አንዱ ሰሌዳ ለአሥርተ ዓመታት ይታተምበት ነበር።

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ግን ያዩ ሰዎችን ጽሑፍ መረመረ፤ ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስንም አስጠርቶ በ1652 ስለ አገሩ ጠየቀው። በ1683 በወጣው ካርታው ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ሲዞር ይታያል።

እህትና ወንድሞች! ቁርኣን ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል። ዛሬ በየስልካችን የሚደርሰን ምስል ከብላው ካርታ ይበልጥ ያማረ ነው። ምስሉ ስላማረ ወሬው እውነት አይሆንም። ልጆቻችን ለሌላው ከማስተላለፋቸው በፊት፣ «ማን አየው? የአገሩ ሰውስ ምን ይላል?» ብለው እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው።