ቸርኬን የሚያጠቁረው የፍሬን ብናኝ

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ጉርድ ሾላ ላይ ቆሞ የሚያልፉትን መኪኖች ጎማ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገለጥለታል። የፊት ጎማዎች ቸርኬ ከኋላዎቹ ይልቅ ይጠቁራል። በተለይ ቪትዝ ላይ ልዩነቱ አይደበቅም፤ የኋላው ቸርኬ የመንገድ አቧራ ብቻ ለብሶ ግራጫ ሲሆን የፊቱ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ጠቁሯል። ሁለቱም የተጓዙት በአንድ መንገድ ነው፤ ጭቃውም አቧራውም እኩል ደርሷቸዋል። እንግዲያው ጥቁሩ ነገር ከመንገድ የመጣ አይደለም፤ ከራሱ ከመኪናው የወጣ ነው።

የሚወጣው ከፍሬኑ ነው። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ከቸርኬው ጀርባ ያለው ካሊፐር ሁለት ሸራዎችን ከግራና ከቀኝ በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ያጣብቃል። ዲስኩ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። ሸራው ግን የብዙ ነገር ቅልቅል ነው፦ ሁሉን አጣብቆ የሚይዝ ሙጫ፣ የብረት ክር፣ ግራፋይት፣ ባሪየም ሰልፌት፣ እንደ አሠራሩም መዳብ። ሁለቱ ሲፋተጉ የመኪናው ፍጥነት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከሁለቱም ገጽ እጅግ ደቃቅ ብናኝ ይነሳል። አዲስ ሸራ ሲገጠም የሚፋተገው ክፍል ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መካኒኩ «ይቀየር» የሚለው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ነው። በመካከሉ ያለው 7 ሚሊ ሜትር ተፈጭቶ አልቋል። ከፊሉ በአየር በኗል፣ ከፊሉ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል፣ የተረፈው ቸርኬው ላይ ተለጥፏል።

የፊቱ የሚብስበት ምክንያት መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደፊት ስለሚደፋ ነው፤ የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የሚሸከሙት የፊት ፍሬኖች ናቸው። ብዙዎቹ ቪትዞችና ኮሮላዎች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የኋላ ፍሬናቸው ዲስክ ሳይሆን ታምቡር ነው። ታምቡር ሸራዎቹን ከድኖ ስለሚይዝ ብናኙም እዚያው ውስጥ ይጠራቀማል። የኋላው ቸርኬ የጠዳው ብናኝ ስለሌለ ሳይሆን ስለታፈነ ነው። መካኒክ ታምቡር ከፍቶ ያንን ክምችት በኮምፕሬሰር አየር ሲያራግፍ ባየሁ ቁጥር እሰጋለሁ። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ባይኖርም እንኳ ይህን ብናኝ መተንፈስ ሳንባን ይጎዳል። በውኃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የሚጨምረው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

የጉርድ ሾላ ሰው በፍሬን ብናኝ ረገድ ዕድለኛ አይደለም። ቀላል ባቡሩ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ መሃል መንገዱን ይዞ በራሱ ሐዲድ ሲያልፍ፣ በግራና በቀኝ ያለው መኪና ጠዋት ወደ መገናኛ፣ ማታ ወደ አያት አሥር ሜትር እየሄደ፣ እየቆመ፣ ታክሲ ተሳፋሪ እስኪያወርድ እየጠበቀ ይጓዛል። በእያንዳንዱ መቆም ትንሽ ትንሽ ብናኝ ይወጣል። ዋናው ብናኝ ግን የሚመጣው ከፍጥነትና ከቁልቁለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድን መኪና ማቆም በ20 የሚሄደውን ከማቆም 9 እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። በኮተቤ ወጥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ደሴ የሚሄድ ሰው ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ያንን ቁልቁለት በፍሪ ማርሽ፣ እግሩን ፍሬን ላይ ጥሎ የወረደ ሹፌር ሲመለስ የፊት ቸርኬው ይመሰክርበታል። በከባድ ማርሽ የወረደው ግን ሥራውን ለሞተሩ ስላካፈለ ሸራው ብዙም አይበላም። ቸርኬን የማጽዳት ሥራ እዚያ፣ ከውኃና ከሳሙና በፊት፣ በአነዳድ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

ብናኙ ምን እንደሆነ በዓይን ማየት ለሚፈልግ ቀላል መንገድ አለ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ላቫጆ ተራ ስጠብቅ ከፊት ቸርኬው ላይ ያለውን ጥቁር ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ነጭ ወረቀት ላይ ቀስ ብዬ አወረድኩና ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ከወረቀቱ ሥር አንቀሳቀስኩ። ዱቄቱ እንደ ጃርት እሾህ ተነስቶ ቆመ፤ ማግኔቱ በሄደበትም ተከተለው። ሲያጥብ የነበረው ልጅ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው!»

«ብረት ነው።»

«ለካ ለዚህ ነው በላርጎ አልለቅ የሚለን። እኛ እኮ በድስት ሽቦ ነው የምናስለቅቀው።»

ልጁ ችግሩን በትክክል አይቶታል፤ መፍትሔው ግን ከበሽታው የከፋ ነው። አሎይ ቸርኬ አብዛኛው አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ጥቂት ሲሊኮንና ማግኒዚየም ይቀላቀልበታል። ከላዩ ቀለም፣ ከቀለሙም ላይ ግልጽ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ስናጥብ የምንነካው ብረቱን ሳይሆን ያንን ስስ ቫርኒሽ ነው። በከባድ ፍሬን ጊዜ ዲስኩና ሸራው በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ይግላሉ፤ ከዚያ ተፈናጥሮ የሚወጣው የብረት ቅንጣት ቫርኒሹ ላይ ሲያርፍ ይነክሰዋል። እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፤ ሲዝግ ያብጣል፤ ቀስ በቀስም ወደ ውስጥ ይቦረቡራል። ክረምት ላይ «ዝናቡ ያጥበዋል» ብሎ መኪናውን የሚተው ብዙ ነው። ዝናቡ ግን ብናኙን አርሶ ዝገቱን ያፋጥናል፤ የሲኤምሲና የሰሚት ጥቁር ጭቃም ከላዩ ሲደርቅበት እንደ ልጣፍ ይይዘዋል። የድስት ሽቦ ያንን ቡናማ ነጥብ ያነሳል፤ አብሮ ግን ቫርኒሹን ይፍቃል። ከዚያ በኋላ አሉሚኒየሙ ለአየርና ለውኃ ይጋለጥና ከቀለሙ ሥር ነጫጭ የትል መንገድ የሚመስል መስመር እየሠራ ይበላል። በዚያ ደረጃ ማጠብ አይመልሰውም፤ ተልጦ እንደገና መቀባት አለበት።

ኬሚካልም እንዲሁ ነው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን በቀጥታ ይበላል። የባትሪ አሲድ በውኃ አቅጥኖ የሚጠቀም ሰው አለ፤ ቸርኬው ለዚያ ቀን ያበራል፣ ቫርኒሹ ግን ይደበዝዛል፣ ዳዶና ቡሎኑም ይዝጋል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለበት የቸርኬ ማጽጃ ከሁሉም አደገኛ ነው፤ ቆዳ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ብዙ ላያቃጥል ይችላል፣ ከዚያ ግን ወደ ሥጋና ወደ አጥንት ይዘልቃል። ጓንት ሳያደርግ ቀኑን ሙሉ ጎማ ለሚያጥብ ልጅ ይህን ዕቃ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ለብረቱ ተብሎ የተሠራ ገር ኬሚካል አለ፤ ከውጭ የሚገባው «አይረን ሪሙቨር» የሚባለው። በውስጡ ያለው ቲዮግላይኮሌት ከብረት ጋር ሲገናኝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ሲረጩት ውኃ የሚመስለው ፈሳሽ ከአፍታ በኋላ ቸርኬው ላይ ሐምራዊ ዕንባ ያወርዳል፤ የተነከሰው ብረት ሟሙቶ እየወጣ ነው ማለት ነው። ፀጉር ቤት ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል፤ ፀጉር ለመጠቅለል የሚቀባው ፈሳሽ የዚሁ ኬሚካል ዘመድ ነው። ደርቆ እንዳይቀር በጥላ ሥር መርጨት፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ነው። በየሳምንቱ አያስፈልግም፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይበቃል።

በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚያስፈልገው ሌላ፣ ከዚህ ቀላል የሆነ ነገር ነው። ብናኙ ሳይነክስ ማንሳት። መኪናው ከመንገድ እንደገባ ውኃ አይደፋበትም፤ የጋለ ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ይችላል፣ ሳሙናውም ሳይሠራ ቸርኬው ላይ ይደርቃል። እጅ ችሎ እስኪነካው መጠበቅ ነው። ከዚያ በቅድሚያ ብዙ ውኃ፤ ያልተጣበቀው ብናኝ ጨርቅ ሳይነካው ይውረድ፤ አለበለዚያ ጨርቁ ብረት ይዞ ይፍቃል። ቀጥሎ የመኪና ሻምፑ በለስላሳ ብሩሽ። ለዳዶ ጉድጓዶች አሮጌ የቀለም ብሩሽ የሚያክል የለም። የቸርኬው የውስጥ ወገን ብናኙ ከሁሉ በላይ የሚጠራቀምበት ስለሆነ እጅ አስገብቶ በጨርቅ ማበስ ይጠይቃል፤ ላቫጆ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው። አንዱ ጎማ ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ለአራቱ ጎማ ሁለት ባልዲ ቢፈጅ ነው። ንጹሕ ሆኖ የደረቀ ቸርኬ ዋክስ ከተቀባ ደግሞ ብናኙ ቫርኒሹን ሳይሆን ዋክሱን ስለሚያገኝ በሚቀጥለው ጊዜ በውኃ ብቻ ይለቃል።

ላቫጆ የሚያሳጥብ ሰው ሁለት ነገር አጥብቆ ቢጠይቅ እመክራለሁ። አንደኛው፣ ጎማ የታጠበበት ስፖንጅና ባልዲ ወደ ቦዲው እንዳይመለስ ነው፤ ማግኔት ላይ የቆመው ያ ዱቄት በር ላይ ሲታሽ ቀለሙን ይጭራል። ሁለተኛው ከእጥበትና ግራሶ ጋር የተያያዘ ነው። ከመኪናው ሥር ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት የሚያስረጭ ሰው ጠብታው ዲስክና ሸራ ላይ እንዳያርፍ ቆሞ ያሳይ። ዘይት የጠጣ ሸራ አይይዝም። በእጥበት የረጠበ ፍሬን ግን ቀስ እያሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረግጡት ይደርቃል። ከእጥበት ማግስት ጠዋት ዲስኩ ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ዝገት አያሳስብም፤ መጀመሪያ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል።

ቸርኬው የሚታጠብበት ውኃ ወዴት ይሄዳል? የሚሄደው ወደ ቦዩ ነው። የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ አቃቂም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው፤ የተሸከመውን ሁሉ አገር ውስጥ ያስቀራል። የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት በ2010 እ.ኤ.አ. በሸራ ውስጥ ያለውን መዳብ የሚገድብ ሕግ ያወጣችው ከመንገድ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ የሚገባው መዳብ ሳልሞን ዓሣን ስለሚጎዳ ነበር። አውሮፓም በ2024 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው ዩሮ 7 የተባለው የመኪና ብክለት ደንብ ከጭስ ማውጫ አልፎ ለፍሬን ብናኝ የመጀመሪያውን ገደብ አበጅቷል፦ ለነዳጅ የቤት መኪና በኪሎ ሜትር 7 ሚሊ ግራም፣ ለኤሌክትሪክ 3። በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የነዳጅ መኪና ያንን ገደብ አክብሮ እንኳ 70 ግራም ደቃቅ ብናኝ ሊለቅ ይችላል። አነስተኛ ብናኝ የሚያወጣ ሴራሚክ የሚባል ሸራ አለ፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ቸርኬው ላይ ግን ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ጎማን በገዛ እጅ ማጠብ የምወድበት ምክንያት ግን ከንጽሕናው ያልፋል። ጥቁሩ ብናኝ ስለ ፍሬኑ ይናገራል። የፊት ግራና ቀኝ እኩል መጥቆር አለባቸው። አንደኛው ከወንድሙ ይልቅ እጅግ ከጠቆረ፣ ከጉዞ በኋላም እጅ ሲያስጠጉበት በተለየ የሚያቃጥል ከሆነ፣ የካሊፐሩ ፒስተን ተጣብቆ ሸራው ዲስኩን አልለቅ ብሏል ማለት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው አንዱ ከጸዳ፣ እሱ ወገን እየያዘ ላይሆን ይችላል፤ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ብናኙ ደረቅ መሆኑ ቀርቶ በእርጥብና በቅባታማ መስመር ከወረደ የፍሬን ዘይት እያፈሰሰ ነውና መኪናው ከዚያ ሳይንቀሳቀስ መካኒክ ይጠራ። ለቦሎ የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ በዓመት አንዴ ነው፤ ቸርኬው ግን በየሳምንቱ ይታያል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በጉርድ ሾላው መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ የእነሱ ቸርኬ ለወራት ሳይጠቁር ይቆያል። እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ኃይሉንም ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ሸራው የሚሠራው አልፎ አልፎ ነው። እንዲያውም ፎልክስዋገን አይዲ 4 ላይ የኋላው ፍሬን ታምቡር ነው፤ ብዙ የማይሠራ ፍሬን ተከድኖ ቢቀመጥ ከዝገት ይድናል በሚል። ችግሩ በተቃራኒው በኩል ይመጣል። ዲስኩ ስለማይፋተግ ይዝጋል፣ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ይደርቃሉ፣ ባለቤቱም ቸርኬው ንጹሕ ስለሆነ ፍሬኑን አያስበውም። እነዚህ መኪኖች ከመደበኛው መኪና ይከብዳሉ፤ በድንገተኛ ጊዜ ደግሞ የሚያቆማቸው ያው ዲስክና ሸራ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው በሳምንት አንዴ ከኋላው መኪና አለመኖሩን አይቶ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፤ ሰርቪስ ሲገባም ፒኖቹ ተጠርገው ግሪስ እንዲቀቡ ይጠይቅ።